ከመጨረሻው መድፍ ሰባት እርምጃ

ራስ ሪሕ፣ ማርች 4 ቀን 1988

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ናዚሃ፣

የአላህ ሰላም ካለሽበት ቤት ይግባ፤ የማርሴም ብርድ ጉልበትሽን ሳያገኘው አልፎ ይሂድ። እኔና ልጄ ዩስራ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን። ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ብሎሻል። የአባታችን ቤት ጣሪያ ዘንድሮም አፈሰሰ፤ ዘንድሮም አልወደቀም።

የሲዋር ነገር እዚህ የከተማው ሁሉ ወሬ ሆኗል። የዛውሽ ቤት ልጅ ረዑፍ ያንቺን ልጅ ሊያገባ ነው ሲባል ስሰማ ደስታዬን የት ላድርሰው! እናቱ ሐጃ ዘክያ እንኳ አሁን መንገድ ላይ ስታገኘኝ ቆማ ሰላም ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ግድግዳ ነበር የምታልፈኝ።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ። አጉሊ መነጽር ላኪልኝ፤ ትልቁን፣ እጀታ ያለውን። የቱሪስት ቢሮው ለእኛ ለአሮጌው ምሽግ ግንብ አስጎብኚዎች አዲስ የታሪክ ወረቀት አድሎናል፤ ፊደሉም ቁንጫ ያህላል። ለሰው የምናገረው ይህንን ነው። ላንቺ ግን የእናቴ ልጅ ነሽና እውነቱን ልንገርሽ። ዓይኔ እየሄደ ነው። ፊት ለፊት ያለውን አያለሁ፤ ግራና ቀኙ ጠፍቷል። በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቆ እንደማየት ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ከጎኔ ሆና ጥያቄ ስትጠይቀኝ፣ ዞሬ መልሱን ለመድፉ ነገርኩት። እንግዶቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የባሕሩ ጨው ነው እላለሁ። ሠላሳ ዓመት ከነጭ ድንጋይ ላይ እየነጠረ የገባብኝ ፀሐይ ነው እላለሁ። ደግሞ አባታችን ትዝ ይሉኛል፣ አላህ ይርሐማቸው። የግንቡ ዘበኛ ሳሉ፣ በመጨረሻው ዘመናቸው፣ በዘንጋቸው እየቆጠሩ ነበር እንግዳ የሚያዞሩት። ያን ጊዜ እርጅና ነው አልን። ስድሳ ያልሞላው ሰው ምን እርጅና አለበት?

በኦክቶበር አስጎብኚ ሁሉ እንደገና ይፈተናል ተብሏል። ከቢሮው አንድ ሰው መጥቶ ከእንግዶቹ ጋር ተደባልቆ ከበሩ እስከ ሰሜኑ ጥግ ይዞራል፤ ያልወደደውን ባጁን ከደረቱ ላይ ይወስድበታል። ያ ባጅ ከሄደ እኔ ምን እሆናለሁ? ዓሣ አጥማጅ እንዳልሆን ጀልባ ያስታውከኛል። ዩስራም ከመምህራን ትምህርት ቤት ለመውጣት ገና አንድ ዓመት ይቀራታል። ጨንቆኛል እህቴ። ለማንም አትንገሪ።

ታናሽ ወንድምሽ ሙንሲፍ

—

ማርሴ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1988

ለወንድሜ ለሙንሲፍ፣

አላህ ከክፉ ነገር ሁሉ ይጋርድህ፤ ዩስራንም አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። የሙሽራ ልብስ ወቅት ነው፤ ከስፌት መኪናው ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም።

አጉሊ መነጽሩን ልኬልሃለሁ። ሁለት ነበር የገዛሁት፤ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ፣ ለመርፌ ቀዳዳ ይጠቅማል። ዓይንህን ጠዋት ጠዋት በጽጌረዳ ውሃ እጠበው። ባርኔጣ አድርግ። ሥጋ ቀንስ። ይህ የድካም ነገር ነው፤ ሰው ሃምሳ ሲያልፈው የማይደክም ምን አለው?

አንድ ነገር ግን አደራ። ወደ ከተማው ክሊኒክ እንዳትሄድ። ነርሷ የሐጃ ዘክያ የእህት ልጅ መሆኗን ረሳኸው? ጠዋት ዓይንህን ብታሳያት ከሰዓት ዳቦ ቤት ይወራል፤ ማታ ቢሮው ይሰማል። ሰርጉ ኦገስት 13 ቀን ነው። እስከዚያ ታገስ። ካለፈ በኋላ እንመካከራለን።

አባታችንንም አታንሳ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ ቀለበቴን ያስመለሰብኝ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የሞተን ሰው ስም በሽታ ላይ መለጠፍ ምን ይረባናል?

ሲዋር እጅህን ትስማለች። ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ ናዚሃ

—

ራስ ሪሕ፣ ሜይ 15 ቀን 1988

ለእትዬ ናዚሃ፣

እጅሽ ይባረክ፤ የያዘው መርፌ ሁሉ ወርቅ ይሁንልሽ። ዕቃውም ደብዳቤውም ደረሰኝ። ፊደልሽን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ አግዝፈሽ ጽፈሽ ሳየው ዕንባዬ መጣ። ለኔ አስበሽ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አነበብኩት።

ያልሽውን ሁሉ አደረግሁ። ጽጌረዳው ሸተተኝ እንጂ አልበጀኝም። አሁን ግንቡን የማዞረው በቁጥር ነው፤ አባታችን በልጅነታችን ያስቆጥሩን የነበረውን እያስታወስኩ። ከበሩ እስከ ውሃ ጉድጓዱ ሠላሳ አንድ እርምጃ። ከጉድጓዱ እስከ ጨለማው መተላለፊያ አሥራ ስምንት። ደረጃው አርባ አራት። ከዚያ የሰሜኑ ግንብ ነው፤ ከመጨረሻው መድፍ እስከ ጥጉ ሰባት እርምጃ፤ እዚያ ጋ ከለላው ፈርሷል። ስምንተኛው እርምጃ ባሕር ነው።

እያወሩ መቁጠር ደግሞ ከባድ ነው። እንግዳ በመሃል ጥያቄ ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ይጠፋል። የሚያድነኝ «ጉሮሮ» ነው። ከጥጉ ሥር ያለውን የአለት ቀዳዳ ታስታውሺዋለሽ፤ ማዕበሉ ሲገባበት እንደ ሰከረ ሰው ያንኮራፋል። ድምፁ በግራ ጆሮዬ ሲገባ እቆማለሁ። ሰው ሁሉ ባሕሩ ጸጥ ሲል ደስ ይለዋል፤ እኔ ብቻ ነኝ የምፈራው።

በዚህ ላይ ግንበኞች መጡ። የተበላውን የደረጃ ድንጋይ አንስተው አዲስ ሲጥሉ ከላይ ሁለት ጨመሩበትና አርባ ስድስት ሆነ። ማን ይነግረኛል? አርባ አራት ብዬ ደርሻለሁ ስል አርባ አምስተኛው ቅልጥሜን አለኝ፤ በጀርመኖች ፊት በግንባሬ ተደፋሁ። ቤት ስገባ ዩስራ ቁስሌን ስታጥብልኝ ቆየችና ከጎኔ ቆመች።

«አባ፣ ስንት ጣት ነው ያወጣሁት?»

«የትኛው እጅሽ ላይ?» አልኳት።

«እጄን እኮ አላነሳሁም» አለችና አለቀሰች።

በማግስቱ የሟች እናቷን ቀብቃብ፣ ያንን ሴቶች ሐማም ለመታጠብ ሲሄዱ የሚያደርጉትን የእንጨት ጫማ፣ ተጫምታ ግንቡ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከፊቴ እየሄደች ቀብ፣ ቀብ፣ ቀብ ታደርጋለች፤ እኔ ድምፁን እከተላለሁ። ደረጃ ጋ ስትደርስ ሁለቴ ትመታለች፤ ጥጉ ጋ ሦስት ጊዜ። አንድ ፈረንሳዊ ይህ ምን ዓይነት ልማድ ነው ብሎ ጠየቀኝ። «በቱርኮች ዘመን ከምሽጉ አዛዥ ፊት እንዲህ ያለች ልጃገረድ ትሄድ ነበር» አልኩት፤ ዓይን ያወጣ ውሸት! ፎቶ አነሳት። አሁን ሌሎቹም አስጎብኚዎች ይህንኑ እየተረኩ ነው፤ አንዱማ የሚስቱን እህት ቀብቃብ አስጫምቷታል።

ሳቂ፤ እኔም ስቄያለሁ። ለፈተናው ግን ረዳት ማስገባት አይፈቀድም። ማርሴ ትልቅ ከተማ ነው፤ እባክሽ አንድ የዓይን ሐኪም ጠይቂልኝ። ከዳር ጀምሮ እየጠበበ የሚሄድ ዓይን ምን ይባላል? መድኃኒትስ አለው? ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ይህን ብቻ ጠይቂልኝ።

ሙንሲፍ

—

ማርሴ፣ ጁላይ 9 ቀን 1988

ለወንድሜ ለሙንሲፍ፣

አላህ ልብህን ያረጋጋው። የዩስራን ቀብቃብ ነገር ሰምቼ ሳቅሁ፤ በማግስቱ ሥራ ቦታ ትዝ ሲለኝ ደግሞ አለቀስኩ። የሱቁን ባለቤት የመጋረጃው ጨርቅ አቧራ ነው አልኩት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ጠርሙስ አለ። ጠዋት አንድ ጠብታ፣ ማታ አንድ ጠብታ በሁለቱም ዓይንህ አድርግ። አንዲት ቀንም እንዳትዘነጋ። አንድ ጎረቤቴ ዓይኗ ሲደክማት የምታደርገው ነው። ጠርሙሱ ላይ ስሙ የሌለው ወረቀቱ በእርጥበት ተልጦ ነው። ሲያልቅ ሌላ እልካለሁ።

ኦገስት 6 ቀን በመርከብ እንገባለን። ለሰርጉ ከወዲሁ ላሳስብህ። ከግድግዳው አጠገብ ያለውን ወንበር ያዝ። አማቾቻችን ሲገቡ ቀርበው ስምህን እስኪጠሩ አትነሳ፤ ድምፃቸውን ለይተህ እጅ ስጥ። ሳህን አታቀብል። ጥቁር መነጽር እንዳታደርግ። ሰው ሲስቅ ሳቅ። አሥር ቀን ብቻ ነው፤ አሥር ቀን ቻልልኝ።

ስለ ሐኪሙ ያልከውን አልረሳሁም። ጊዜ ሳገኝ።

ናዚሃ

—

ራስ ሪሕ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1988

ለእትዬ ናዚሃ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። በሰላም መግባትሽን ከሲዋር ሰማሁ። ልጃችን ደህና ናት፤ ከባሏ ጋር ወደብ ዳር ሲሄዱ ዩስራ አይታቸዋለች። ጎጆዋን አላህ ያሙቅላት።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ግን ልጽፈው ነው።

ከሰርጉ በሦስተኛው ቀን ሐጃ ዘክያ ምን እንዳለች ታስታውሻለሽ። «ከግንቡ ጌታ ጋር ተዛምደን አንድ ቀን እንኳ ሳያስጎበኘን ቀረ» አለች። አሥራ አራት ሆነን ሄድን። ዩስራ ቀብቃቧን ተጫምታ ስትመጣ ሐጃ አላስቀመጠችንም።

«ምነው ሙንሲፍ፣ ግንብ ነው ሐማም ነው የምትወስደን?»

«ሐጃ፣ ሳሙናውን አንቺ ትይዣለሽ ብዬ ነው» አልኳት፤ ሁሉም ሳቁ።

አንቺን ከፊት ሁኚ ብለው ለመኑሽ፤ እምቢ አልሽ። ከኋላ እመጣለሁ፣ ጫማዬ አይመችም አልሽ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል። ጨለማው መተላለፊያ ውስጥ ስንደርስ እንደ ልማዴ ሁሉንም ዝም አሰኘኋቸው፤ ባሕሩን በግድግዳው ውስጥ እንዲሰሙት። እነሱ ባሕሩን ሰሙ። እኔ ደግሞ ከኋላ የሚያንሾካሹክ ሰማሁ። «አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት…» እጅሽ ድንጋዩን ሲዳብስ ቀለበትሽ ይጭር ነበር።

ልጅነት ትዝ ብሏት ነው አልኩ። እውነቴን ነው፤ እንደዚያ ብዬ ራሴን አሞኘሁት። ደረጃውን ወጣን። ዩስራ ከላይ ሆና ሁለቴ መታች፤ እኔ አርባ ስድስት ቆጥሬ አለፍኩ። ከዚያ አንቺ ወደቅሽ። አርባ አምስተኛው ላይ ነው የወደቅሽው። ሁለት መጨመሩን ጽፌልሽ ነበር፤ እግርሽ ግን የልጅነቱን ቆጠረ። ሐጃ ዘክያ «የማርሴ ተረከዝ!» ብላ ተሳለቀች፤ ረዑፍ ደግፎ አነሳሽ። ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። እትዬ፣ አርባ አራት ብሎ የሚያቆም እግር በዚህ ዓለም ላይ ሦስት ብቻ ነው፤ የአባታችን፣ የእኔና ያንቺ። የሚያይ ሰው ደረጃ አይቆጥርም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር መጣልኝ። ሻይ ስትቀጂ ጣትሽን ብርጭቆው ውስጥ ትነክሪ ነበር። የሱቅ ማስታወቂያ የሚያህለው ፊደልሽ ለኔ አልነበረም። ሁለተኛው አጉሊ መነጽር ለመርፌ አልነበረም።

ባለፈው ሰኞ ዩስራ ይዛኝ ቱኒስ ሄድን፤ የሚያውቀን ሰው የሌለበት ሐኪም ዘንድ። የዓይን ግፊት ነው አለኝ። የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን አለ። ጠርሙሱን አሳየሁት፤ አሸተተው፣ «ይህን ከስድስት ዓመት በፊት ብትጀምረው ኖሮ ዛሬ እኔን አትፈልገኝም ነበር» አለ። ቀጥሎም «ከእህት ወንድም እንዲህ የሆነ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ዩስራ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ሌላ ነገር አትጻፊልኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቂ ብቻ ጻፊልኝ።

ሙንሲፍ

—

ማርሴ፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1988

የእናቴ ልጅ ሙንሲፍ፣

ሰላምታ ለማብዛት አፌ አልታዘዘኝም፤ አላህ አንተን ይጠብቅህ ብቻ ልበል። ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ አልጄሪያዊት ጎረቤቴ ናት። ራስ ሪሕን በካርታም አታውቀውም። ያንተንም የምታነብልኝ እሷ ናት፤ እሁድ እሁድ ብቻ ነው የምትመቸው። መልሴ የሚዘገየው ለዚህ ነበር። የስፌቱን ሥራ ከተውኩም ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ አሁን የልብስ ቁልፍ በመልክ ሳይሆን በመዳሰስ እለያለሁ፣ ለዚያም ይከፍሉኛል።

ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ሐኪሙ «በዘር የሚሄድ ነው፤ እህት ወንድም አለሽ?» አለኝ። አንድ ወንድም አለኝ አልኩት። «ዛሬውኑ ጻፊለት። በጊዜ ከጀመረ ጠብታው ከነዓይኑ መቃብር ያደርሰዋል» አለኝ። በዚያው ቀን ጻፍኩልህ። ደብዳቤው እስካሁን ቴምብሩ ተለጥፎበት የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ አለ።

ለምን አልላክሁም? ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ሳለ፣ የእጮኛዬ እናት ቀለበቱን በጨርቅ ቋጥራ ደጃፋችን ላይ ጥላው ሄደች። «ከዕውር ቤት ልጅ አንወስድም» ስትል አባታችን ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አንተ ትምህርት ቤት ነበርክ፤ ፊታቸውን አላየኸውም። እኔ አይቼዋለሁ። አገሬን ጥዬ የወጣሁት በዚያ ፊት ነው። ሐኪሙ ሲነግረኝ ሲዋር አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ለአንተ ብጽፍ ለዩስራ እናት ትነግራታለህ፤ እሷ ለእናቷ፤ ከዚያ ከተማው ሁሉ። ልጄን ማን ያገባታል? ትንሽ ልቆይ አልኩ። ትንሽ፣ ትንሽ እያልኩ ስድስት ዓመት ቆየሁ።

ሲዋርን ግን በየዓመቱ አስመረምራታለሁ። ለራስ ምታትሽ ነው እላታለሁ። እስካሁን ንጹሕ ናት። ይህን ስትሰማ የምትለኝን አውቃለሁ፤ ቀድሜ ራሴን ብዬዋለሁ። የራሴን ልጅ ጠብቄ ያንተን ዓይን በላሁ። ክሊኒክ አትሂድ ያልኩህም እኔው ነኝ። አራት ወር ቀረው ብዬ፣ አራቱን ወርም ሰረቅሁህ።

ዩስራን ውሰዳት። ነገ ዛሬ አትበል፤ እኔ ያልኩትን አትድገም።

አንድ ነገር ግን እግርህ ላይ ወድቄ እለምንሃለሁ። ለሲዋር እንዳትነግራት፤ ለዛውሾችም። ትዳሩ ገና ሁለት ወሩ ነው። አንድ ልጅ ትውለድ፤ ያን ጊዜ አያባርሯትም። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። እኔን ርገመኝ፣ ስሜን ከቤትህ አጥፋው፤ ልጄን ግን አታስመልስብኝ።

ናዚሃ

—

ራስ ሪሕ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1988

ለታላቅ እህቴ ለናዚሃ፣

አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን። ይህ የዩስራ የእጅ ጽሑፍ ነው። ደብዳቤሽንም ያነበበችልኝ እሷ ናት፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ስለዚህ ከእንግዲህ በእኔና በሷ መካከል የተደበቀ ነገር የለም።

ፈተናው ኦክቶበር 27 ቀን ነበር። ሌሊቱን ተነስቼ መስኮት ከፍቼ አዳመጥኩ፤ ባሕሩ ዝም ብሏል። ጠዋትም ዝም፣ ዐሥር ሰዓት ሲሆንም ዝም። እንደ ዘይት ተኝቷል አለችኝ ዩስራ። ዱዓ አደረግሁ፤ ለማዕበል ዱዓ ያደረገ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። እሷን በሩ ላይ አስቀሯት።

የቢሮው ሰው ሲ ላሚን የሚባል፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ከእሱ ጋር ዘጠኝ እንግዶች ነበሩ፤ አንዷ ሕፃን ያዘለች ናት። ጉድጓዱን አሳየሁ፤ መተላለፊያውን አሳየሁ፤ አርባ ስድስቱን ደረጃ እንደ ጎረምሳ ወጣሁት። ሲ ላሚን «ማሻአላህ፣ እንዳንተ ያለ አላየሁም» አለኝ። የመጨረሻው መድፍ ጋ ደረስን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ስጀምር ሲ ላሚን ጠየቀኝ።

«ሙንሲፍ፣ ይህ መድፍ ስንት ኪሎ ይመዝናል?»

መለስኩለት። መልሱን ስጨርስ ግን ቁጥሩ ጠፋኝ። አራት ነበርኩ ወይስ ስድስት? ጆሮዬን ወደ ግራ አዘነበልኩ። ጉሮሮው አላንኮራፋም። ከኋላዬ የሕፃኑ ለቅሶ እየቀረበ መጣ፤ እኔ የምሄድበትን ነው የሚከተሉት። የምለው ጨዋታ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። አንድ እርምጃ ብራመድ ምናልባት ደህና ነው፤ ምናልባትም አይደለም። ያን ጊዜ አንቺን አሰብኩሽ። አንቺም እንደዚሁ ቆመሽ ነበር፣ ከኋላሽ ሰው እየተከተለሽ፣ ምንም የለም እያልሽ።

ዞርኩና ሁለት እጄን ዘረጋሁባቸው።

«ጉብኝቱ እዚህ ያበቃል» አልኩ።

«ገና ጥጉ ይቀራል እኮ» አለኝ ሲ ላሚን።

«ለእናንተ ይቀራል። እኔ አላይም። የት እንደቆምኩም አላውቅም። ሴትየዋን ከነልጇ ወደ ኋላ መልስልኝ።»

ባጁን ራሴ ፈታሁት። እጄን ይዞ እያወረደኝ ሳለ በመጨረሻ ምን አለኝ መሰለሽ? ከመድፉ ጀምሮ አብሬህ ስቆጥር ነበር፣ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ነበርክ አለኝ። አንድ ይቀረኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከዞርኩበት ግንብ እንደ ሕፃን በሰው እጅ ወጣሁ፤ በሩ ላይ ዩስራ ቀብቃቧን በእጇ ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። ዘንድሮ በምን እንደምንኖር አላውቅም። ለዚህ እንድትልኪልኝ የምጠይቅሽ ነገር የለም።

በማግስቱ ቱኒስ ሄድን። ዩስራ ጀምሯታል። ጥቂት ነው፣ ከዳር ነው፤ እሷ ገና አላወቀችውም ነበር። ሐኪሙ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እናንተ ግን ለዚህች ልጅ ደርሳችሁላታል» አለ። አሁን አንድ ጠርሙስ ለሁለት እንጠቀማለን፤ እሷ ለእኔ ታደርግልኛለች፣ እኔ ደግሞ ለእሷ አደርጋለሁ ብዬ አፍንጫዋ ላይ አፈስባታለሁ። በሕይወቷ ሁሉ ታያለች፣ ኢንሻአላህ። ባንቺ ላይ ያለኝን ንዴት ያን ዕለት ግማሹን እዚያ ጥዬዋለሁ፤ ግማሹ አብሮኝ ነው፣ አልዋሽሽም።

ስለ ቀለበቱ ያልሽውን ዩስራ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። እኔ በእውነት አላውቅም ነበር፤ አባታችን መስማታቸውን አላውቅም ነበር። ያንን በልብሽ ይዘሽ ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖርሽ። አዝንልሻለሁ እትዬ። ግን እሺ አልልሽም።

ሲዋር አሁን ራስ ሪሕ ነው የምትኖረው። ለራስ ምታትሽ ነው ብሎ በየዓመቱ እጇን ይዞ ሐኪም ቤት የሚወስዳት እናት አጠገቧ የላትም። አንድ ልጅ እስክትወልድ እንቆይ ትያለሽ፤ ከዚያ ልጁ እስኪያድግ እንላለን፤ ከዚያ ልጁ እስኪያገባ። መሳቢያሽ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ለእኔ ሳይደርስ ቀረ፤ ለእሷ ይድረስ። ዛውሾች ካባረሯት ቤቴ ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ያፈስሳል እንጂ አይወድቅም። ካላባረሯት ደግሞ ሐጃ ዘክያን ዕድሜዬን ሙሉ ክፉ ናት ብዬ በድያታለሁ ማለት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ለልጅሽ መንገር ያለብሽ አንቺ ነሽ፤ ያንን አልነጥቅሽም። መርከቡ ኖቬምበር 22 ቀን ይገባል። ወደቡ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ ክንዴን ትይዣለሽ፣ አብረን እንሄዳለን፤ ዕውር ዕውርን መራው ይበሉን። ካልመጣሽ ብቻዬን እሄዳለሁ። ከወደቡ በር እስከ ሲዋር ደጃፍ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ትናንት ቆጥሬዋለሁ።

ወንድምሽ ሙንሲፍ